ምግብ መጋራት ክልክል ነው

ክረምት ልጅ ላለው ሰው አያልቅም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ደጁ ጭቃ ነው፣ ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቶ ይውላል፤ እናት ስትጮህ ትውላለች። ያን ክረምት የሰፈራችን ልጆች በሙሉ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በተከፈተ የቀን ካምፕ ተመዘገቡ። ጠዋት ሄደው ይስላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ኳስ ይጫወታሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። የሰባት ዓመቷ ልጄም ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች። ባሌ «ቤቷ ትቀመጥ» አለ። እኔ ደግሞ አይሆንም ሲሉኝ የሚብስብኝ ሰው ነኝና በማግስቱ ሄጄ አስመዘገብኳት።

ባሌ ያለ ምክንያት አልነበረም የፈራው። ልጃችን የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጎረቤት ቤት ስትጫወት አንድ ሕፃን ከያዘው ቆሎ ላይ አንዲት ኦቾሎኒ መርጦ አጎረሳት። ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፤ ቀጥሎ ፊቷ አበጠ፤ ቀጥሎ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። አቅፌያት ወደ ክሊኒክ ስሮጥ ጫማዬ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙ መርፌ ወጋትና ትንፋሿ ሲመለስ «አለርጂ ነው፤ የሚቀጥለው ከዚህ ሊብስ ይችላል» አለኝ። ውጭ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሰው ቦርሳው ውስጥ ይዞት የሚዞር መርፌ አለ አሉ። እኛ ፈልገን አላገኘነውም። የቀረልን መጠንቀቅ ብቻ ነበር።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አስተማርኳት። ማንም ሰው፣ አያቷም ብትሆን፣ የሚበላ ነገር ሲዘረጋላት መጀመሪያ «እጅዎ ምን ነክቷል?» ብላ እንድትጠይቅ። እንደ መዝሙር እያስደጋገምኩ አስጠናኋት። አንድ ዒድ ላይ ቤታችን የመጡ የተከበሩ ሽማግሌ ብስኩት ቢሰጧት ይህንኑ ጠየቀቻቸው። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ቤታችን መምጣታቸውን እንጃ። ባሌ በሐፍረት መሬት ሊገባ ነበር። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁባት።

ካምፑ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ ወላጆች ተጠራን። ኃላፊዋ ልጆቹ «ሚስ» የሚሏት ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ የያዘችውን ግን አትለቅም። ቆማ ደንቡን አነበበችልን። ልጅ ያለ ቦት ጫማና ያለ ዝናብ ልብስ አይምጣ። በሩ ፊት ያለው ቦይ ሲሞላ ትልቅ ሰው እጁን ይዞ ያሻግረው። ያላስመዘገባችሁት ሰው ልጅ ልውሰድ ቢል አንሰጥም፣ አጎት ነኝ ቢልም። ያተኮሰው ልጅ ቤቱ ይዋል። ምሳ ዕቃ ውስጥ ሥጋ አይኑር። እዚህ ድረስ ሁሉም በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። የሥጋን ነገር እንኳ ማንም ለምን አላለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚበላውንና የማይበላውን ለይቶ ነው ያደገው፤ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀጥላ «ልጆች ምግብ መጋራት ክልክል ነው» ስትል ግን አዳራሹ ተንጫጫ።

«እንዴት ነው እሱ?» አለች አንዷ እናት። «ጓደኛው እያየው እንዴት ይወርድለታል?»

ከፊት የተቀመጡ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ፣ ቀስ ብለው ቆሙ። «ልጄ፣ ሌላው ደንብ ጥሩ ነው» አሏት ሚስን። «ይሄኛው ግን ልጆቻችንን ስስት ያስተምርብናል። እኛ ስናሳድግ መጀመሪያ ለጓደኛህ አጉርስ ብለን ነው።»

ሚስ ወደ እኔ አላየችም። እንዳታይ ብላ መሬት መሬቱን ስታይ ሳያት እኔው ተነሳሁ። «በእኔ ልጅ ምክንያት ነው አባቴ» አልኩ። ኦቾሎኒውን፣ እብጠቱን፣ ትንፋሿን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወዲያው ምክር ዘነበ። አንዷ ትንሽ ትንሽ አቅምሻት፣ ትለምደዋለች አለችኝ። ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ በማር አዘዘችልኝ። ከኋላዬ የነበረች ሴት ትከሻዬን ይዛ «እህቴ፣ በጸሎት ሰዓታችን እናስባታለን፣ በኢየሱስ ስም ነጻ ትወጣለች» አለችኝ። አዛውንቱ «አላህ ያሽራት» ብለው ተቀመጡ። ሁሉም ከልባቸው ነበር፤ የሚያበሳጨውም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ እጣላቸው ነበር። ያመነኝ ሰው መኖሩን ግን እንጃ። ኦቾሎኒ ሰው ይገድላል ቢባል ማን ያምናል?

አንድ ሰው አምናኛለች፤ የአጥር ጎረቤቴ። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኛ እስላሞች ነን፣ ልጆቻችን ግን በአንድ ሳምንት ልዩነት ተወልደው በሁለት ቤት ያደጉ ናቸው። የኔዋ የእሷን ቤት ከኛ ቤት ለይታ አታውቅም። ይህች ጎረቤቴ የሐኪሙን ቃል የነገርኳት ቀን ጓዳዋ ገብታ የነበራትን ኦቾሎኒ አውጥታ ደፋች። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ገብቶ አያውቅም።

ሐምሌ በሰላም አለፈ። ልጄ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ የማላውቀውን ዘፈን እየዘፈነች ትመለሳለች። ባሌን በዓይኔ «አየህ?» እለዋለሁ። እሱም አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

ነሐሴ ገባና ፍልሰታ ተያዘ። ይህ ጾም ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ነው፤ የጎረቤቴ ልጅም ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጾም ሆነ። ኩራቷን ብታዩት! አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ወተት እንደተወች፣ እንቁላል እንደተወች ለመንደሩ ታውጃለች። እኔም «ጎበዝ!» አልኳት። ከእሷ ኩራት ወዲያ ያለው ነገር ያን ጊዜ አልታየኝም።

የታየኝ ሚስ ስትደውል ነው። «የምሳ ዕቃዎቹን ዛሬ አየኋቸው» አለችኝ። «እናቶቹ ቅቤና እንቁላል ስለማይችሉ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ነው የሚቋጥሩት። ግማሹ ልጅ እሱን ይዟል። ምን ይሻለናል?» ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፤ ማዞሪያው አጠገብ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ስልኩን ይዤ ደጅ ወጥቼ ዝናብ ላይ ቆምኩ። አስቡት፣ እኔ ሒጃቤን አድርጌ የሰው በር እያንኳኳሁ የጾም ምግባችሁን ቀይሩልኝ ልል ነው? ሚስ በቴሌግራም ለቤተሰቦቹ ሁሉ ጻፈች። ብዙዎቹ እሺ አሉ። አንዷ «ደግሞ ጾማችንንም ደንብ ሊያወጡለት ነው?» ብላ መለሰች። ተናድጄ መልስ ጻፍኩ፤ ጻፍኩና አጠፋሁት። በረመዳን አንድ ሰው መጥቶ ከልጅሽ ቦርሳ ቴምሩን አውጪ ቢለኝ እኔስ ምን እለው ነበር?

በመጨረሻ ሚስ ልጄን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። በረንዳው ጥግ፣ ከቢሮው መስኮት ሥር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ለእሷ ብቻ ሆነ። የተስማማሁት እኔ ነኝ፤ እንዲያውም አመስግኛለሁ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሱቄን ዘግቼ ሄጄ በአጥሩ ሽንቁር አየኋት። ምሳ ዕቃዋ ጭኗ ላይ ነው። ሌሎቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደራርበው ይንጫጫሉ። እሷ እግሯን እያወዛወዘች ወደ እነሱ እያየች ቀስ ብላ ታኝካለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ገብቼ አቅፌያት እወጣ ነበር፤ አለማልቀሷ ነው የጎዳኝ። ደንቡ በደንብ እየሠራ ነበር።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። «ቤቷ ብትሆን ብቻዋን አትበላም ነበር» አለኝ።

የጎረቤቴንም ልጅ እንደኔው አላስቻላትም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከረጅሙ ጠረጴዛ ተነሳችና ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ በረንዳው ሄደች። እናቷ የቋጠረችላት ድንችና ዳቦ ነው፤ ለልጄ ብላ አስባበት የሠራችው። ነገር ግን ከመነሳቷ በፊት አጠገቧ የነበረች ልጅ ከራሷ የኦቾሎኒ ቅቤ ዳቦ ቆርሳ ሰጥታት፣ እሷም በልታ ጣቷን ልሳ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ድንቹን በዳቦ ጠቀለለችና ልጄን አጎረሰቻት። ጓደኛሽ ብቻዋን ስትበላ አትይ ተብላ ያደገች ልጅ ናት። ሌላ ምን ታድርግ?

ልጄ፣ የአያቷን እጅ እንኳ ምን ነክቷል ብላ የምትጠይቀዋ ልጅ፣ ያን ቀን አልጠየቀችም።

ሚስ «ክሊኒክ ነን» ብላ ስትደውል ዝናቡ ወርዶ መንገዱ ተዘግቷል። ታክሲው አልንቀሳቀስ ሲል ወረድኩና ባጃጅ ያዝኩ፤ ባጃጁ ጭቃ ሲይዘው ወረድኩና ሮጥኩ። ዱዓዬም ተምታታብኝ፤ አንዱን ጀምሬ በሌላው እጨርሳለሁ። ክሊኒኩ ስደርስ ሚስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ከላይ እስከ ታች ውሃ ነች፣ አንድ እግሯ ባዶ ነው። አቅፋት ነው የሮጠችው። «ተወግታለች፣ እየተነፈሰች ነው» አለችኝና አለቀሰች። ልጄ አልጋው ላይ ነበረች፤ ዓይኗ በእብጠት ጠፍቷል፣ ፊቷ የኔ ልጅ ፊት አይመስልም። እጇን ያዝኩ። ሲሻላት፣ ማታ ላይ፣ ለምን እንዳልጠየቀች ጠየቅኳት። ልቆጣት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

«ረሳሁት» አለችኝ። «ደስ ብሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ጎረቤቴ ልጇን ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «እኔ እኮ ድንች ብቻ ነው የቋጠርኩላት፣ ድንች ብቻ» ትላለች፤ አውቃለሁ ብላት፣ ብምልላትም፣ መልሳ ያንኑ ትላለች። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ናት። ሁለቱንም እጆቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከታቸዋለች። ግቢ ብላት አልገባ አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄን ስትነካት አላየሁም፤ አብረው ይጫወታሉ፣ ግን በመካከላቸው ክንድ የሚያህል ክፍተት አለ፤ ያቺኛዋ ነች የምትጠብቀው።

ካምፑ ሲዘጋ ፍልሰታ ተፈትቶ ነበር። በመዝጊያው ቀን ቤተሰብ ሁሉ ከየቤቱ ምግብ ይዞ መጥቶ አብሮ እንዲበላ ተጠራ። እኔ መሄድ አልፈለግኩም፤ ልጄ ናት የጎተተችኝ። ግቢው በር ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረጉት አዛውንት ቆመዋል፤ ለካ በራሳቸው ፈቃድ የሚገባውን ሰው ሁሉ ምን እንደያዘ ይጠይቃሉ። «እኔ ቆሎ ከኪሴ አራግፌ ነው የመጣሁት» አሉኝ፤ ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። በቴሌግራም የተቆጣችው ሴት መጥታ ዱቄቱን ከየት እንደገዛች፣ ምጣዷን እንዴት እንዳጠበች ሳልጠይቃት ነገረችኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ያን ቀን አንዲት ኦቾሎኒ አልነበረችም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለልጄ ነው፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ ጎንበስ አልኩ።

ሥጋ ስላልነበረ ሁላችንም በየትሪው ዙሪያ ተቀላቅለን ተቀመጥን። ከዚያ ማጎራረስ ተጀመረ፤ እናት የሰው ልጅ ታጎርሳለች፣ አዛውንቱ ሚስን ያጎርሳሉ፣ ልጆች እርስ በርስ ይጎራረሳሉ፣ ሳቅ ነው። ወደ ልጄ ግን አንድም እጅ አልተዘረጋም። ጠልተዋት አይደለም፤ አንዳንዱ እጅ ተዘርግቶ መንገድ ላይ ትዝ ሲለው ይመለሳል። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የእያንዳንዱን ጉርሻ መሄጃ በዓይኗ ትከተላለች። ትይዩዋ የጎረቤቴ ልጅ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ እንደከተተች ተቀምጣለች፤ እሷን እናቷ ናት የምታጎርሳት።

አልቻልኩም። ከራሴ ቤት ካመጣሁት፣ ትናንት ማታ በገዛ እጄ ከሠራሁት ምስር ጠቅልዬ ዘረጋሁላት። አፏን አልከፈተችም። ጉርሻውን አላየችም፤ ያየችው ጣቶቼን ነው።

«እማ፣ እጅሽ ምን ነክቷል?»

ከጠዋት ጀምሮ የስንቱን ሰው እጅ ጨብጬ ነበር። የዚያ ሁሉ ሰው እጅ ከቤቱ ሲወጣ ምን ነክቶ እንደመጣ እኔ ምን አውቃለሁ? ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩና ተነስቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ካፊያ ጀምሯል። ውሃውን ከፍቼ ዘወር ስል ልጄ አንገቷን አስግጋ ወደ እኔ ታያለች። ሳሙናውን አንስቼ እስክታጠብ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።