የወይኒቱ የጽዋ ተራ

ወይኒቱ ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ከተቀጠረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። አሸዋና ሲሚንቶ አቡክታ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ትጠቀጥቃለች። መጀመሪያ በጣቶቿ መካከል አሳከካት፤ ቀጥሎ ቆዳው ተሰነጣጠቀ፤ በ2001 ክረምት መግል ያዘ።

ጓንት ስትጠይቅ ኃላፊው ደስታው፣ «ምነው ወይኒቱ፣ ሙሽራ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሠራተኛውን አሳቀባት። ጓንቱስ ነበር፤ ከዞን ጎብኚ ሲመጣ ይታደልና መኪናው ሲሄድ ተሰብስቦ ይቆለፍበታል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ እጇን አገላብጣ አየች። «ሲሚንቶው ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሥራውን ካልተውሽ ግን አይድንም።»

ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚያው ሥራ ነው። እጇን በፌስታል ጠቅልላ፣ በክር አስራ ቀጠለች።

የኅዳር ማርያም የጽዋ ተራ ደግሞ የእሷ ነበር። የማኅበሩን ዳቦ የምታቦካው ባለተራዋ ናት፤ ሌላ ሴት ታቡካልኝ ብትል ምክንያቱን መናገር ሊሆንባት ነው። ጎረቤቱ «ያ ክፉ በሽታ» እያለ ማንሾካሾክ ከጀመረ ሰንብቷል። ማኅበርተኞቹ ከእጇ ከበሉላት ሐሜቱ ይሞታል። ካልበሉስ? እሱን ማሰብ አልፈለገችም። አሸዋ ቶሎ የሚበጣጥሰውን ስስ ጓንት ከመድኃኒት ቤት ገዝታ፣ በሯን ዘግታ አቦካች።

በዕለቱ ቄሱ ባርከው ቆረሱ።

«እሰይ፣ እንዴት ያለ ዳቦ ነው!» አሉ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት እትዬ በለጠች። «ለልጆቼ በረከት ልውሰድላቸው» ብለው ድርሻቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«እኔ ደግሞ ሆዴን ነፍቶኛል» አለች ማኅበርተኛዋ አስካለ ማርያም፤ እሷም ቋጠረች። ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ቋጠሮ ብቻ ሆነ። ጠላው እንደ ተቀዳ ቀረ።

«ነርሷ አይተላለፍም ብላለች» አለች ወይኒቱ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ኧረ ምኑ? እኛ ምን አልን!» አሉ ባንድ አፍ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ በለጠች መጡ። «ወይኒቱዬ፣ ማኅበርተኞቹ ደክሟታል ብለው አዘኑልሽ። ጽዋሽን እስኪሻልሽ እኛ እንያዝልሽ፤ አንቺ ከቤትሽ ሆነሽ ጸልዪልን።»

ጽዋው ከእናቷ የወረሰችው የማኅበር ቦታ ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች። ሴትዮዋ እጇን ሳይጨብጡ፣ ከደጃፉ እጅ ነሥተው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ደስታው ሥራ ላይ አያት። «ፌስታሉስ? ዛሬ ረሳሽው?»

ወይኒቱ ባዶ እጇን እስከ አንጓዋ ሲሚንቶው ውስጥ ከተተችው።