የዲርሴ ጣራ

ዲርሴና ሟቹ ባሏ ቤታቸውን የሠሩት ከኮረብታችን አናት ላይ ነው፤ እሁድ እሁድ ብሎኬቱን በትከሻቸው እያወጡ። ከጣራው ላይ ሆኖ ሰፈሩን በሙሉ፣ ራቅ ብሎም የብራዚሏን ከተማ የሪዮን ባሕር ማየት ይቻላል። ፖሊሶችም የወደዱላት ይህንኑ ነው። ታጣቂ እናድናለን እያሉ እኛ ጥቁሮች የምንኖርበትን ይህን ኮረብታ ለመውረር በመጡ ቁጥር በሯን ገንጥለው ይገባሉ፤ ስልኳን ነጥቀው፣ እሷን ወጥ ቤት አስቀምጠው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ጣራዋ ላይ ይወጣሉ።

«የዲርሴ ሆቴል ዛሬም እንግዳ አለው» እያልን እንቀልድ ነበር። እሷ ግን አትስቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ያለፈው ወረራ ጥይት የበሳውን የውሃ መስመር ሊጠግንላት ቧንቧ ሠራተኛው ኢቫልዶ ቀጠሮ ነበረው። ፖሊሶቹ ቀደሙት። ገና ተኩስ ስላልተሰማ መግባታቸውን አላወቀም፤ ረጅሙን የብረት ቧንቧ በትከሻው ተሸክሞ የኮረብታውን ደረጃ ወጣ።

«እትዬ ዲርሴ! መጣሁልዎት! ቦሎቄው ካልበሰለ ግን እመለሳለሁ!»

«ተመለስ! ኢቫልዶ፣ ተመለስ!»

የሚጠብቃት ፖሊስ አፏን አፈናት። «ዝም በይ፣ አሮጊት!»

ከበላይዋ አንድ ጥይት ጮኸ።

ማታ በዜና ስለ ኢቫልዶ «አንድ ታጣቂ ተገደለ» ተባለ።

ዲርሴ ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች።

«ሲተኩሱ አይተዋል?» አላት የፖሊሶቹ ጠበቃ።

«ወጥ ቤት አስቀምጠውኝ እንዴት ልይ?»

«ስለዚህ አላዩም።»

«ሰማሁ እኮ! አፌን ይዘውኝ ሰማሁ!»

መስማት ማየት አይደለም ተባለና መዝገቡ ተዘጋ።

ቤቱን ልትሸጥ ሞከረች። የመጣው ገዢ ጥይት የቦረቦረውን ግድግዳ ዳሰስ አደረገና «እግዜር ይርዳዎት» ብሎ ወረደ። ወዴት ትሂድ? በመጨረሻ የኢቫልዶን ወንድም ለምና ወደ ጣራው የሚያወጣውን ደረጃ በመዶሻ አስፈረሰች። ጣራው ላይ ታሰጣው የነበረውን ልብሷን ቤት ውስጥ ማስጣት ጀመረች። ለጥቂት ጊዜም እንቅልፍ ወሰዳት።

በሚቀጥለው ወረራ ፖሊሶቹ የራሳቸውን መሰላል ይዘው መጡ።

የኢቫልዶ እናት ዜናይዴ ያን ጠዋት በግድግዳ ጥግ እየተሽሎከለከች ደረሰች። ጠባቂው በጠመንጃው ሲከለክላት «ጎረቤቴ ናት» ብላው አልፋ ገባች።

«አብደሻል? ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለቻት ዲርሴ።

«ተኩሱን ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ነዋ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከበላያቸው ቦት ጫማዎቹ ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር።