ወረታ ላይ የመዘንኳቸው ልጆች

ባለፈው ክረምት፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ሳለ፣ ወረታ ከተማ ውስጥ ልጆች እመዝን ነበር። ሥራዬ የልጆች ከልክ በላይ መወፈር ከብሔረሰብ ብሔረሰብ ይለያይ እንደሆነ ለሚያጠኑ ሰዎች መለካት ነው። አንድ ቀን ሩዝ ነጋዴ ባልና ሚስት ድንቡሽቡሽ ያሉ ወንድና ሴት ልጅ ይዘው መጡ። ብመዝናቸው ኪሏቸው እኩል፤ የወገባቸው ልክም ያው ሆነ።

«ብሔረሰባቸውስ?» አልኩ።

ሚስትየዋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ባልየው ግን ኮስተር ብሎ፣ «ወንዱን አገው በይው፤ ሴቷን አማራ» አለኝ።

ግራ ገባኝ። ዝም እንዳልል ነገሩን ማወቅ ፈለግሁ፤ እንዳልጠይቅ ቤተሰብ እንዳላጣላ ፈራሁ። በመጨረሻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባታቸው... አንድ አይደለም?» አልኩ።

«ኧረ ምን ነካሽ እቴ፣ መንታ እኮ ናቸው!» አለች ሚስትየዋ። «እሱ አገው፣ እኔ አማራ ነን። እንዳንጣላ ሲወለዱ አንድ አንድ ተካፈልናቸው።»