አስትሮይዱና የእትዬ አልማዝ የቤት ካርታ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ የቤታቸውን ካርታ፣ ያውም ዋናውን፣ ለማያውቁት ሰው ሊሰጡ ሲሉ ደረጃው ላይ ደረስኩ።

ሰውየው ሱፍ ለብሷል፤ ባጅ አንጠልጥሏል። «አስትሮይድ ወደ ምድር እየመጣ ነው። መጠለያ የሚያገኘው ካርታውን አስረክቦ የተመዘገበ ብቻ ነው» ይላል።

የልደታ ኮንዶሚኒየም ሰው በቀላሉ አይታለልም። ነገር ግን ሰውየው የብሎካችን በር ላይ የለጠፈው የምዝገባ ማስታወቂያ የእድራችን ማኅተም አርፎበታል። እኛ ደግሞ ማኅተም ካየን ጽሑፉን አናነብም። (ዕድሜዬን በጋዜጣ ሥራ የጨረስኩት እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ሳላነበው አልፌዋለሁ።)

«አስትሮይዱን ማን አየው? መለያውስ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሱ ምስጢር ነው።»

የሰማይ ድንጋይ ምስጢር አይሆንም። አንድ ሲገኝ መለያ ይሰጠዋል፤ በየአገሩ ያሉ ተመልካቾች እንዲያረጋግጡትም መንገዱ በይፋ ይወጣል። ከአደጋው አስቀድሞ መዘጋጀት የሚቻለውም ስለማይደበቅ ነው።

እዚያው ቆሜ ለእድሩ ሊቀመንበር ደወልኩ። «ልለጥፍ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቀኝ ማኅተም መታሁለት። መቼ አነበብኩት!» አሉ።

እትዬ አልማዝ ካርታውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «አንተ፣ ድንጋዩ የሚመጣው ከላይ አይደል? ታዲያ የእኔ ካርታ ምን ያደርግለታል?»

ሰውየው «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ወረደ። ስልኩ ሲጮህ ግን አልሰማሁም።

ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ፎቅ አንኳኩቷል። የያዘው ቦርሳም በወረቀት ተወጥሮ ነበር።

እናንተ ሰፈርስ መጥቷል? ምን ይዞ ሄደ?