የማይደፋ ውሃ

ትናንት ጁባ፣ ኮሎሎ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቴ አስተናጋጄ ብርጭቆ ያለቀለቀችበትን ውሃ ልትደፋ ስትል፣ «ኧረ በእግዚአብሔር! ወለሉን ወልውይበት እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። ወዲያው ኛማል ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

በወጣትነቴ እዚሁ ጁባ፣ ሎሎጎ ሰፈር አጠገብ፣ ከኛማል ጋር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የውሃ ማጣሪያ እንሠራ ነበር። ስስ ጨርቅ ላይ ፖሊመር የሚሉትን ሙጫ፣ ሁለት ዓይነት፣ እያፈራረቅን እንደርባለን። ድርብርቡ የወንዙን ቆሻሻ አስቀርቶ ውሃውን ያሳልፋል። በየድርቡ መሀል ግን ጨርቁ በንጹህ ውሃ መለቅለቅ አለበት። መዳፍ የምታክለዋ ናሙና አሳፍራን አታውቅም፤ ጣጣው የመጣው በር የሚያክል ስንሠራ ነው። ገሚሱ ይደፈናል፣ ገሚሱ ጭቃ ያሳልፋል።

አለቃችን ጋሽ ታደለ ቁርጡን ነገሩን። «ልጆች፣ በመዳፍ ጨርቅ ከተማ አይጠጣም። እስከ ቅዳሜ ትልቁ ካልሠራ እዘጋለሁ።»

እኔስ የትም ሳህን አጥቤ አድራለሁ። ጋምቤላ ያደገችው ኛማል ግን የታመመች እናቷን የምታስታምመው በዚያ ደመወዝ ነበር። ያን ቀን የምትወደውን ዓሣ ወጥ በኪስራ፣ በስሱ የማሽላ ቂጣ፣ አቅርቤላት አልነካችውም።

በጋ ነበር፤ የውሃ ቦቴው አቧራውን እያቦነነ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ዐርብ ዕለት ኛማል ጨርቁን የምናለቀልቅበት በርሜል ላይ አጎንብሳ ቀረች።

«አንተ፣ ይሄ ለምን ደፈረሰ?»

«ትናንት ያለቀለቅንበት ነዋ።»

«አልደፋኸውም?»

«ውሃ ይደፋል እንዴ?»

ተያየን። ለትንሿ ናሙና አንድ ኩባያ አዲስ ውሃ አይቆጨንም፤ በርሜል ሙሉ መድፋት ግን የጁባ ሰው እጅ እሺ አይልም። ማንም ሳያዘን መልሰን እናለቀልቅበታለን። ሁለቱ ሙጫዎች እዚያው ውሃ ውስጥ ተገናኝተው ይጓጉሉና ጨርቁ ላይ ይለጠፋሉ።

ስንነግራቸው ጋሽ ታደለ ራሳቸውን ያዙ። «እኔስ እያየሁ አላስተዋልኩም! ግን ለየድርቡ አንዳንድ በርሜል ንጹህ ውሃ ከየት ይመጣል?»

«ኻላስ! አለቀ!» አለች ኛማል። «ትንንሾቹ ማጣሪያዎቻችን ለምን ተቀመጡ? ያለቀለቅንበትን በነሱ እናጣራው!»

ቅዳሜ ከትልቁ ጨርቅ ኩልል ያለ ውሃ ወረደ። ኛማል የመጀመሪያውን ኩባያ አልጠጣችውም፤ በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች ወደ እናቷ ሄደች።

ወርክሾፑን ዛሬ እሷ ናት የምትመራው። እናቷንም እስከ መጨረሻው አስታማ ቀበረች። ትናንት ማታ ደውዬ የአስተናጋጄን ነገር ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

«በኋላስ፣ ደፋችው?» አለችኝ።

«አልደፋችም።»

«ጎሽ!» አለች። ቀጥላም፣ «እናቴ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር» አለችኝ።