ጠልሐ ዱዓውን ያስቆመ ዕለት

ጠልሐ ከሳውዲ ተባሮ መካነ ሰላም ሲገባ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ትልቅ ስልክ ነበር። ባሲማን ካገባ ወዲህ ታዲያ፣ ለማውራትም ያሳፍራል፣ አልጋ ላይ ወንድነቱ ከዳው። በሩን ዘግቶ ስልኩ ላይ የራቁት ፊልም ሲያይ እንደሚውል ማን ያውቃል? እናቱ ግን "የፈታት ሚስቱ ሀይፋ ልጄን በድግምት አስራብኛለች" ብላ ሰፈሩን ሰብስባ ዱዓ አስደረገች።

ሰው ጫቱን ይዞ ተቀመጠ። ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው "ያሰረችው እጇ ይድረቅ" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጠልሐን ላብ አጠመቀው። ሀይፋ ምን በደለችና?

"ሸህዬ፣ እርግማኑን ይተዉት" አለ፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳይነቅል። "ማንም አላሰረኝም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።"

ሸሁ ብልህ ናቸው፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። "እንግዲያው አላህ ያግዝህ" አሉና ዱዓውን ወደ ምህረት መለሱት። ሴቶቹ ግን እስኪወጡ ድረስ ከላይ እስከ ታች አዩት።

ጓዳ ገብቶ ለባሲማ ሁሉንም ነገራት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

"እኔ እኮ ባስጠላህ ነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ" አለችው።

እሱም ፊልሙን ሁሉ እፊቷ ከስልኩ ላይ አጠፋው። "በል ዛሬ ምንም አልፈልግብህም፤ እጄን ይዘህ ተኛ" አለችው።

ብዙ ሌሊት እንዲሁ ተኙ። አንዴ ስልኩ አሸንፎት ነበር፤ እያፈረ ነገራት፣ እሷም ተቆጥታ እጇን መልሳ ሰጠችው። እያደር የአልጋው ፍርሀት ለቀቀው። የቀረውን ጓዳቸው ይወቀው።