ለዶይል ያልተቀነሰለት ዓመት

ዶይል ሌማስተር በየማለዳው አልጋውን አንጥፎ፣ ወንበሩን ተሸክሞ ይወጣና ከስልሳ እስረኞች ጋር ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። የጓደኛውን ጥፋት ያየ ሰው ተነሥቶ ፊት ለፊት ይናገራል፤ የተነገረበትም «አመሰግናለሁ» ይላል። በኬንታኪ ተራሮች መካከል ባለው በዚህ እስር ቤት፣ ዘጠኝ ወር እንዲህ ቆይቶ የሱስ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ከፍርዱ እስከ አንድ ዓመት ይቀነስለታል።

ዶይል ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የከሰል ጉድጓድ ተደርምሶበት ወገቡ ሲሰበር የታዘዘለት የሕመም ክኒን ሱስ ሆነበት፤ ኋላም ክኒኑን ሲሸጥ ተያዘ። ዓመቱ ከተቀነሰለት በጥቅምት ይወጣል። ሳንባዋን የታመመችው እናቱ ከመጪው ገና እንደማታልፍ ሐኪሟ ተናግሯል።

በስምንተኛው ወር፣ ከላዩ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ወጣቱ ትራቪስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በዕፅ የተነከረ ወረቀት ሲያጨስ ዶይል ደረሰበት።

«ፋዘር፣ ምንም አላየህም አይደል?»

«ጉድጓድ ውስጥ ኖሬ ዓይኔ ደክሟል።»

«ጆሮህስ?»

«እሱን አንተ በማንኮራፋትህ ጨርሰኸዋል።»

በማግስቱ ክቡ ላይ ዶይል ተነሣ። «ትራቪስ ማንኪያዬን ሳያጥብ መለሰልኝ» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ ትራቪስ አመሰገነ። እዚህ አሳባቂ ከተባለ ሰው ጋር ማንም ማዕድ አይቆርስም፤ ጥፋት አይቶ የደበቀም ከሕክምናው ይባረራል። ዶይል በማንኪያው ከሁለቱም የተገላገለ መስሎት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የትራቪስ ሽንት ተመርምሮ ዕፅ ተገኘበት። ትራቪስ ሁሉን ከተናዘዘ የሚምሩት መስሎት ክቡ ላይ ቆመ፤ «ዶይል እያየኝ ዝም ብሏል» አለ።

«አመሰግናለሁ» አለ ዶይል።

አማካሪዋ ወይዘሮ ፕራተር ከሰዓት በኋላ አስጠራችው።

«ሚስተር ሌማስተር፣ ስለ ማንኪያ ሲሆን አፍ ነበረዎት።»

«የቀረኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ...»

«እሱንም አውቃለሁ። ፋይልዎ ላይ ተጽፏል።»

ሁለቱም ከሕክምናው ተባረሩ። ዶይል እንደገና ማመልከት እንደሚችል በጽሑፍ ተነገረው። ተራው የሚደርሰው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው፤ ከፍርዱ የቀረው አሥራ ሦስት ወር፣ ሕክምናው ደግሞ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ሐሙስ ወደ ሌላ ሕንጻ ይዛወራል፤ የሚፈታው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ነው።